ለአንድ ሰው የተሠራ ምት

ከጠዋት ጀምሮ የሆነ ነገር ጎድሎኛል። ምን እንደሆነ ለይቼ ለመናገር ግን አልሆነልኝም። የታኅሣሥ ንፋስ ነው እንዳልል ንፋሱን እወደዋለሁ። ኮዬ ፈጬ በዚህ ወር ታምራለች፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አቧራው ገና አልበረታም፣ ከሕንፃዎቹ ማዶ ቤት ያልተሠራበት መሬት ላይ ገበሬዎች ጤፍ ሲወቁ ከሰገነቴ ይታየኛል። ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር ጀሪካኖቹን ሞላሁ፣ ልብስ አጠብኩ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። ጉድለቱ ግን አብሮኝ ዋለ።

ልብስ ሳሰጣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ያ ኳስ ወዳድ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር። ድንገት ቀና ብሎ፣ «አንቺ ግን በዚያ በቴኒሱ ከሲነርና ከአልካራዝ ማንን ነው የምትደግፊው?» አለኝ። ሌሊት መብራቴ በርቶ የሚያድርበትን ምክንያት ያውቃል። ትንሽ አሰብኩና «ሁለቱንም» አልኩት። «ሁለቱንም መደገፍማ አይቻልም» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

በእግር ኳስ ሕግ ልክ ነው። እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያ ነበርኩ። የቴኒሱ ፌደረር ሲሸነፍ እራት አልበላም ነበር። ተቀናቃኙን ናዳልን በቴሌቪዥን ሳየው፣ ሰርቭ ከማድረጉ (ነጥቡን የምታስጀምረውን ኳስ ከመምታቱ) በፊት ፊቱንና ጸጉሩን ሲነካካ፣ የውሃ ጠርሙሶቹን በመስመር ሲያስተካክል፣ ሆን ብሎ እኔን ለማበሳጨት የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። አሁን ያንን ስሜት ብፈልገው አላገኘውም። በቦታው ሌላ ነገር ገብቷል፤ እሱን ነው ለልጁ ማስረዳት ያቃተኝ።

አጎቴ ወጣትነቱን ከተማ ውስጥ በአንድ ክለብ ሜዳ ኳስ ሲያቀብል ነው ያሳለፈው። ጨዋታውን እንዴት እንደሚያዩት ያስተማረኝ እሱ ነው። «ኳሷን ተያት፤ እግሩን እዪ» ይለኝ ነበር። ፌደረር ከናዳል ጋር ሲጫወት እግሩን ያየ ሰው ምን እየሆነ እንደነበር ወዲያው ይገባዋል። ወደ ኋላ ይሸሻል። በሌላ በማንም ፊት የማይሸሸው ሰው ከመስመሩ አንድ እርምጃ፣ ከዚያም ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ናዳል በሌላው ኑሮው ቀኝ እጁን የሚጠቀም፣ ሜዳ ላይ ግን ግራኝ የሆነ ሰው ነው። ለግራኝ ተጫዋች ከሁሉም የሚቀለው ምት በሰያፍ የሚሄደው ፎርሃንድ፣ ማለትም ራኬት በያዘው እጅ በኩል የሚመታው ነው፤ ያ ምት ደግሞ የሚያርፈው ልክ የቀኝ እጅ ተጫዋች ባክሃንድ፣ ማለትም ከራኬቱ እጅ ተቃራኒ ባለው ጎኑ ላይ ነው። በዚያ ላይ የናዳል ኳስ እጅግ ስለምትሽከረከር መሬት ነክታ ስትነሣ ወደ ትከሻ ትዘላለች። ፌደረር ባክሃንዱን በአንድ እጅ ነው የሚመታው። በአንድ እጅ የሚመታ ሰው ወገቡ ላይ የመጣችለትን ኳስ እንደ ልቡ ያዝዛታል፤ ትከሻው ላይ ስትወጣበት ግን ክንዱ አቅም ያጣል። ናዳል ይህን አገኘ፣ አልለቀቀውምም። ወደ ባክሃንዱ፣ እንደገና ወደ ባክሃንዱ፣ አሁንም ወደ ባክሃንዱ። በፓሪሱ ሮላን ጋሮ የሸክላ ሜዳ ስድስት ጊዜ ተገናኝተው ፌደረር አንዴም አላሸነፈም። በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጅ ነው) የፍጻሜ ጨዋታ 6 ለ 1፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 0 ተሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ በዊምብልደን፣ በራሱ ሣር ላይ፣ 4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ በፈጀ ጨዋታ፣ አምስተኛው ዙር 9 ለ 7 አልቆ፣ ሊጨልም ሲል ተሸነፈ። ያኔ አለቀስኩ። በቀጣዩ ጥር በሜልቦርን፣ በአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ተሸንፎ እሱ ራሱ ሲያለቅስ፣ ናዳል አንገቱን አቅፎ ሲያጽናናው ግን ንዴቴ መድረሻ አጣ። ምናልባት ድጋፌ መላላት የጀመረው ያን ቀን ይሆናል።

ከዚያ 2017 መጣ። ፌደረር 35 ዓመቱ ነው፤ በጉልበቱ ምክንያት ስድስት ወር ከሜዳ ርቆ መመለሱ ነው። ሜልቦርን፣ ፍጻሜ፣ አምስተኛ ዙር፣ ናዳል 3 ለ 1 እየመራ። የሚሆነውን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ኳሷ ወደ ባክሃንዱ ሄደች፤ እግሩ ግን ወደ ኋላ አላለም። መስመሩ ላይ ቆሞ፣ ኳሷ ትከሻው ላይ ሳትወጣ፣ ገና ከመሬት ስትነሣ ጠፍጣፋ አድርጎ መታት። ደግሞ መታት። አምስት ጌም በተከታታይ አሸንፎ 6 ለ 3 ጨረሰ። በዚያው ዓመት በኢንዲያን ዌልስ፣ በማያሚና በሻንጋይም አንድ ዙር እንኳ ሳይሰጠው አሸነፈው።

ያ ባክሃንድ ለማን እንደተሠራ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ከዚያ በፊት ራኬቱን ሰፋ ባለ ራኬት ለውጦ ነበር። ናዳል በ2024 መጨረሻ ጨዋታ ሲያቆም ፌደረር በጻፈለት ደብዳቤ ላይ ይህንኑ ገልጾታል፤ ጨዋታዬን እንደ አዲስ እንዳስብ ያደረግኸኝ አንተ ነህ፣ የራኬቴን ስፋት እስከመቀየር ደርሻለሁ የሚል ሐሳብ አለው። ሃያ ግራንድ ስላም (ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ዋንጫ) ያሸነፈ ሰው መሣሪያውን በአንድ ሰው ልክ እንደለወጠ በራሱ ብዕር ሲጽፍ ማንበብ ለእኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይበልጣል።

አንዳንዴ ያ የናዳል ኳስ እዚህ እኛ ሰፈር ቢመታ ምን ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነን። አየሩ ሲሳሳ ኳስ ፍጥነቷ ብዙም አይቀንስም፤ ሽክርክሪቱም አየሩን እንደ ቆላው አይቆነጥጠውም፣ ስለዚህ ቶሎ አታጎነብስም። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ የፈቀደው ለዚህ ነው። ማድሪድ 650 ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ በእሷም እንኳ ጨዋታው ይፈጥናል። በ2009 ፌደረር ናዳልን በሸክላ ሜዳ ያሸነፈው እዚያ ነው፤ በእርግጥ ናዳል በዋዜማው ከጆኮቪች ጋር አራት ሰዓት ታግሎ ነበር። ፌደረር አዲስ አበባ ቢወለድ ኖሮ ባክሃንዱን ማሻሻል አያስፈልገውም ነበር ይሆን?

ጆኮቪችን አልረሳሁም። እሱ የመጣው ችግሩን ፈትቶ ነው ማለት ይቻላል። ባክሃንዱ በሁለት እጅ ነው፤ ትከሻው ላይ የወጣችውን ኳስ እሱ አጥብቆ ይይዛትና መስመሩን ተከትሎ ይልካታል። ፌደረርን ያሰቃየው መንገድ እሱ ዘንድ ሲደርስ ተዘጋ። በ2011 ከናዳል ጋር በስድስት የፍጻሜ ጨዋታዎች ተገናኝቶ ስድስቱንም አሸነፈ። በ2012 የሜልቦርን ፍጻሜ 5 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ተፋለሙ፤ ያንንም አሸነፈ። ናዳልም አልተቀመጠም፤ ፎርሃንዱን ከሰያፉ ይልቅ መስመሩን ይዞ አብዝቶ መምታት ጀመረ፣ በዚያው ዓመት ሮላን ጋሮ ላይ አሸነፈው። 60 ጊዜ ተገናኝተው 31 ለ 29 ነው የተለያዩት። እያንዳንዱ ሌላውን እየቀረጸ ኖረ።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም ነበር። ለልጁ ሲድኒን ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ እሱ አልተወለደም እንጂ። በ2000 በኦሊምፒኩ 10,000 ሜትር ኃይሌና ኬንያዊው ቴርጋት የተለያዩት በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ቴርጋት በአትላንታ በኃይሌ አጨራረስ ተሸንፎ ስለነበር በሲድኒ ቀድሞ ፈነዳ። ያ ሩጫ ለአንድ ሰው የታሰበ ነበር። አገር ሙሉ ኃይሌን ሲል እኔም ኃይሌን ነበር ያልኩት፤ ዛሬ ግን ያንን ውድድር ያለ ቴርጋት ላስበው አልችልም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የቀድሞዎቹ የቴኒስ ተጫዋቾች የአጋሲና የቤከር ነገር ነው። ቤከር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች አጋሲን አሸነፈው፤ ሰርቩ አይያዝም ነበር። አጋሲ ቪዲዮውን ደጋግሞ ሲያይ አንድ ነገር አገኘ፤ ቤከር ሰርቭ ሊያደርግ ሲል ምላሱን ያወጣል። ምላሱ ወደ መሐል ከሆነ ኳሷ በአንድ በኩል፣ ወደ ጎን ከሆነ በሌላ በኩል ትመጣለች። ከዚያ በኋላ ከአሥራ አንዱ ጨዋታ አሥሩን አጋሲ አሸነፈ። እሱ ራሱ እንደተናገረው ከባዱ ነገር ሰርቩን መመለስ ሳይሆን ማወቁን መደበቅ ነበር። ሁልጊዜ ከመለሰበት ቤከር ይነቃል፤ ስለዚህ ብዙ ነጥብ እያወቀ ያልፋል፣ ቁርጥ ቀን ሲመጣ ብቻ ይጠቀምበታል። ምስጢሩን የነገረው ሁለቱም ጨዋታ ካቆሙ በኋላ ነው።

አንድ ሰው ምላስህን እስከሚያነብ ድረስ አይቶሃል። እናትህ እንኳ ያላስተዋለችውን። ይህን ፍቅር ለማለት አልደፍርም፤ ጠላትነት ለማለት ግን ጭራሽ አይሆንልኝም።

እና በ2025 ሲነርና አልካራዝ። በሰኔ መጀመሪያ የሮላን ጋሮ ፍጻሜ ሲነር በአራተኛው ዙር 5 ለ 3 እየመራ፣ አልካራዝ ሰርቭ እያደረገ፣ ሦስት የዋንጫ ነጥቦች ነበሩት። አንዱም አልሆነም። ከ5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ በኋላ አልካራዝ አሸነፈ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲነር ያንን ተሸክሞ ዊምብልደን ገባና ያንኑ ሰው አሸነፈው። ያንን መሸከም እንዴት ይቻላል? በኒውዮርክ ደግሞ አልካራዝ ተመለሰ። ሲነር ሁሉንም ሰው የሚያሸንፈው ከመስመሩ ላይ ሳይነቃነቅ በፍጥነት በመምታት ነው። አልካራዝ ግን አንዴ ከፍ አድርጎ፣ አንዴ ቆርጦ፣ አንዴ ደግሞ ሊፈነዳ የተዘጋጀ አስመስሎ ከመረቡ ማዶ ጠብ በሚያደርጋት ኳስ ያንን ምት ሰበረው። ሲነር ከጨዋታው በኋላ የተናገረው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ የምሠራው አስቀድሞ የሚታወቅ ሰው ሆኛለሁ፣ ለመለወጥ ስል አንዳንድ ጨዋታ ብሸነፍም እለወጣለሁ ነው ያለው። በኅዳር ቱሪን ላይ በሁለት ዙር አሸነፈው።

ሌላውን ሁሉ እያሸነፈበት ያለውን ነገር ለአንድ ሰው ብሎ የሚያፈርስ ሰው! ያ ጀግንነት ነው እላለሁ። ግን ደግሞ እጠይቃለሁ፤ ያ አዲሱ ምት የማን ነው? የሲነር ነው ወይስ የአልካራዝ? ፌደረር በመስከረም 2022 ለንደን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወት በጥንድ ጨዋታ አጋሩ ሆኖ አብሮት የቆመው ናዳል ነበር። ተሸነፉ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጅ ለእጅ ተያይዘው አለቀሱ። ናዳል ከሕይወቱ አንድ ክፍል አብሮ እንደሚሄድ ተናገረ። ከእነሱ በፊት የነበረው ቦርግ በ1981 በተቀናቃኙ በማኬንሮ ዊምብልደንንና ኒውዮርክን ተነጥቆ፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ26 ዓመቱ ጨዋታውን ሲተው ማኬንሮ እንዲመለስ ወተወተው ይባላል። ያ ይገባኛል። የተሠራህበት ሰው ሲሄድ ያ ምት ለማን ይመታል?

አብራኝ የተማረችውን መ.ን ያመጣብኝ ይህ ጥያቄ ነው። የክፍላችን አንደኛ ሁልጊዜ እሷ ነበረች። በሒሳብ የምትያዝ አልነበረችም። በፊዚክስም። እኔ ወደ ድርሰት የሄድኩት ጽሑፍ ስለምወድ አልነበረም፤ እሷ ክፍት የተወችው በር እሱ ብቻ ስለነበር ነው። ማታ ማታ የእሷን ደብተር በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ እጽፍ ነበር። የት ላይ እንደምትሰለች፣ ምን ስትጠየቅ እርሳሷን እንደምትነክስ፣ መምህሩ ውጤት ሲያነብ የትኛው ትከሻዋ ከፍ እንደሚል አውቅ ነበር። አንድም ቀን ቤቷ አልሄድኩም። ረጅም ወሬ አውርተን አናውቅም። ከአገር ከወጣች ዘመን ሆናት፣ እኔ ግን አሁንም እጽፋለሁ፤ እንጀራዬም ሆነ፣ ሌሊት የሚያቃናኝም ሆነ። ዓረፍተ ነገር ሲያምርልኝ የመጀመሪያው ስሜቴ እሷ ብታየው የሚል ነው።

እሷስ? የሆነ ነገር እኔን ብላ ሠርታ ታውቃለች? አንድ ሌሊት፣ ያቺ ልጅ በድርሰት ትቀድመኛለች ብላ መብራት አብርታ አምሽታ ታውቃለች? ወይስ እኔ እሷን ሳነብ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችኝም?