በአምስት ወር ፋታ የተደረገልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመነታሁ። ያስጀመረኝ በጽዋ ማኅበራችን የሰማሁት አንድ ቃል ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የጥይት ድምፅ በእኛው በጎጃም ስለሆነ፣ ጠላው እየተቀዳ ሳለ ወሬው ወደዚያው ዞረና አንድ የማከብራቸው አባት «ለጊዜው ብቻ የሚቆም ተኩስ ምን ይረባል? ጥይት መሙያ ጊዜ ነው» አሉ። እኔም እንደ እርሳቸው እል ነበር፤ እንዲያውም ከእርሳቸው የባሰ ቃል ተናግሬአለሁ፣ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ወንድሜ ዛሬ በጓሯችን ጌሾ የሚኮተኩተው እንደዚያ ባለ ተኩስ ማቆም ስለመጣ፣ ሳልመልስላቸው ጽዋዬን ጠጥቼ ወደ ቤት መሄዴ ሲቆረቁረኝ ሰነበተ።

ታናሽ ወንድሜ ወታደር ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ነበረ፤ እስከ ሰኔ መጀመሪያም አልፎ አልፎ ይደውልልን ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሰኔ 21 ቀን፣ በእመቤታችን ዕለት፣ መንግሥት የእርሻው ወቅት እስኪያልፍ ድረስ በተናጠል ተኩስ ማቆሙንና ሠራዊቱም ከመቀሌ መውጣቱን ሰማን። እናቴ እልል አለች። ይሁን እንጂ ከወጡት መካከል የእኛ ልጅ አልነበረም፤ ተኩሱም አልቆመም፣ ጦርነቱ ወደ ወሎና ወደ አፋር ሰፋ እንጂ።

ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የማስተምረው ደብረ ማርቆስ ቢሆንም ክረምቱን እናቴ ዘንድ፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን እያሳለፍሁ ነበር። ማታ የጎረቤታችን ልጅ እሳት ልትጭር መጣች። እንደ ወትሮዋ አልተጫወተችም፤ ፍሙን በገል ይዛ ስትወጣ እናቴን ቀና ብላ አላየቻትም። ትንሽ ቆይቶ የነፍስ አባታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው በዝናቡ ውስጥ አለፉና ወደዚያው ጎረቤት ገቡ። እኒህ ካህን በእኛ ደጅ ሲያልፉ «ቤቶች፣ እንደምን አመሻችሁ» ሳይሉ፣ መስቀላቸውን ሳያሳልሙን አልፈው አያውቁም።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ዘመድ አዝማዱ ሌሊቱን በጎረቤት ቤት ተሰባስቦ ያድርና፣ ሐዘንተኛው ከእንቅልፉ ሳይነሣ ደጁን ያንኳኳል። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ስለዚህ ጋደም ብዬ የምጠብቀው ምን እንደሆነ ዐውቄ ነው የጠበቅሁት። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲያባራ ከዚያኛው ቤት አግዳሚ ሲጎተት ይሰማኛል፤ ሲበረታ ምንም አይሰማኝም፤ እንዲበረታ እለምን ነበር። እናቴ ማዶ መደቡ ላይ ተኝታለች። ብትሰማስ እያልሁ የራሴን ትንፋሽ ዋጥሁ።

መርዶው የማን እንደሆነ በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ። እኅቴ ዐረብ አገር ናት፣ ከሁለት ቀን በፊት ደውላለች። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ደጀን ነው፤ ደም ግፊት አለበት፣ ዕድሜውም ገፍቷል። ሦስተኛው ወንድሜ ነው። ከሦስተኛው ጣቴ ላይ ስደርስ መልሼ ወደ ሁለተኛው ሄድሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ አጎቴ ይሁን» አልሁ። ይህን ለነፍስ አባቴ ተናዝዤዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በእናንተ ፊት እናገረዋለሁ። በልጅነቴ በትከሻው ተሸክሞ ለዲማ ጊዮርጊስ ንግሥ የወሰደኝን ሰው በልቤ ገነዝሁት፤ ልጆቹ ራሳቸውን መቻላቸውን፣ የልጅ ልጅ ማየቱን እየዘረዘርሁ ለፈጣሪ አቀረብሁት። ዳዊቴ ከራስጌዬ ነበረ፤ እጄን ሰድጄ ዳሰስሁት እንጂ አልከፈትሁትም። «አቤቱ፣ ከጥልቅ ወደ አንተ ጠራሁ» የሚለው ቃል ሳልፈልገው በአፌ መጣ፤ እኔ ግን ከዚያ ጥልቅ ውስጥ የጠራሁት በአጎቴ ሞት ነበር።

ሁለተኛው ዶሮ ጮኸ። ዝናቡ ቆሞ ነበር። በጭቃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ፤ ከፊት አንድ ሰው ሳለ፤ ከሳሉ ቀጥሎ የከዘራ ብረት የደጃችንን ድንጋይ መታ። አጎቴ ነበር። በሕይወት የቆመ የሥጋ ዘመዴን ድምፅ ሰምቼ ጉልበቴ የከዳኝ በዚያች ሌሊት ብቻ ነው።

እናቴ ለካ አልተኛችም ኖሯል። ተነሥታ ነጠላዋን አደረገች፣ መዝጊያውን ከፈተች፣ «ግቡ፣ ብርድ ነው» አለቻቸው። አጎቴ «እኅቴ፣ እንግዲህ የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብሎ ጀመረ። አብሮት የነበረ ወታደር አምልጦ ወጥቶ፣ ወንድሜ ተመትቶ ሲወድቅ ማየቱን ለዘመድ ተናግሮ ነው። ከኋላ የቆሙት ሴቶች ድምፃቸውን ሊያወጡ ሲሉ እናቴ እጇን አነሣች።

«ጎንበስ ብሎ ያየው አለ?»

ዝም አሉ።

«ዐይኑን የከደነው አለ? አፈር ያለበሰው አለ?»

«የለም፣ እኅቴ።»

«እንግዲያው ወድቋል። የወደቀ ይነሣል። ፍታት እንዳታስፈቱ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እሳት አንድጂ፣ ቡና ይጠጡ» አለች። ለመርዶ የመጣ ሰው ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በአርባኛው ቀን ተዝካር አልወጣም። አገሩ ሁሉ «አእምሮዋን ነክቷታል» አለ፤ እኔም አልሁ። እርሷ ግን ለቅዱስ ሚካኤል «ልጄን በእግሩ ካመጣህልኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ» ብላ ተሳለች፤ ማንበብ ስለማትችልም የነፍስ አባታችን በቃል ያስጠኗትን «ይባእ ቅድሜከ ገዐሮሙ ለሙቁሓን» የሚለውን፣ የእስረኞች ጩኸት ወደ ፊትህ ይግባ የሚለውን ቃል፣ ሌሊት ሌሊት ትለው ጀመር። እኒህ ካህን ውለታቸው አለብኝ። መርዶ ነጋሪ ሆነው መጥተው ሳለ፣ እናቴን «ተይ፣ እመኚ» ብለው ሳይገሥጿት፣ ሞተ የተባለውን ልጅ ከእስረኞች ጋር ቆጥረው አብረዋት ጸለዩ። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልን።

እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስሁ፤ ቅዳሴም ኪዳንም ተውሁ። በቅዱስ ማርቆስ ደጅ ሳልፍ ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ስቤ፣ ሳልሳለም አልፍ ነበር። አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ የእመቤታችንን ሥዕል አየሁና «አንቺስ ልጅሽን ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ገንዘውልሻል፤ በሦስተኛውም ቀን ተመልሶልሻል፤ የእናቴስ?» አልኋት። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቃሉን ግን ተናግሬዋለሁ።

መስከረም ጠባ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ።

መጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከመጻጉዕ እሑድ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ መንግሥት እርዳታ እንዲገባ ሲል ግጭት ማቆሙን አስታወቀ፤ የትግራይ ወገንም ተቀበለ። ባልደረቦቼ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲያወሩት «ከአምናው ሰኔ በምን ይለያል? እግዚአብሔርም እንደ እነርሱ ነው፤ ይናገራል እንጂ አያደርግም» አልሁ። ከጽዋው አባት የባሰ ነው ያልኋችሁ ቃል ይህ ነው። አንዲት ባልደረባዬ አማተበችና ወጣች። እናቴ ግን ያን ቀን በጎረቤት ስልክ ደውላ የጠየቀችኝ «መንገዱ ተከፈተ?» ብላ ነው። «ለእህል ነው የተከፈተው» አልኋት። «እህል የሚገባበት መንገድ ሰው ይወጣበታል» አለች። በእርግጥም በዚያው ወር መጨረሻ የእርዳታ መኪኖች በአፋር በኩል፣ በአብአላ አድርገው መቀሌ ደረሱ፤ ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የቆየውን ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ በጠየቀበት ሳምንት እኔ አልወድም ብዬ ነበር ማለት ነው።

ግንቦት 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ የትግራይ ወገን 4,208 ምርኮኞችን መልቀቁን አስታወቀ፤ ከእነዚህ 401ዱ ሴቶች ነበሩ። ስም ዝርዝር አልሰማንም። ቁጥሩን ብቻ ይዤ ሦስት ሌሊት አደርሁ። እናቴ ግን ዐርብ ሆኖ ሳለ፣ በዓለ ሃምሳ ነውና የሚፈሰክበት ነው ብላ ዶሮ ማሳረድ ፈልጋ፣ ሰዎች ለምነው አስቆሟት።

ከዚያ በኋላ በአንድ ረፋድ ላይ ከወሎ በኩል፣ ከማናውቀው ቁጥር፣ ተደወለ። ስልኩን ያነሣችው ያቺ እሳት ልትጭር የመጣችው ልጅ ናት፤ ድምፁን ሰምታ ቀፎውን ጣለችው። እናቴ ከመሬት አነሣችውና አስቀድማ የጠየቀችው «በእግርህ ነህ?» ብላ ነው። «በእግሬ ነኝ፣ እማ። አነክሳለሁ እንጂ በእግሬ ነኝ» አላት። ስልኩን ያዋሰውን የመንገድ ሰው እግዚአብሔር ይስጠው፤ ሒሳቡ እስኪያልቅ ድረስ «ይበቃል» አላለውም አሉ።

ተመትቶ መውደቁ እውነት ነበር። ጭኑ ላይ ተመትቶ በአንድ ወንዝ ዳር ወድቆ ሲያድር፣ በነጋታው ውኃ ልትቀዳ የመጣች ሴት አየችው። ወንድሜ እንደሚለው፣ መለዮውን አይታ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆመች፤ ከዚያ በትግርኛ አንድ ነገር ተናገረችና በቆርቆሮ ጣሳ ውኃ ሰጠችው፤ ጣሳውንም ትታለት ሄደች። ከሰዓታት በኋላ ማረኩት፤ ቁስሉንም ያከመው ከማረኩት መካከል አንዱ ነው፤ ይህንም ሳልናገር ባልፍ ምስክርነቴ ሐሰት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስላለፈው ዓመት ብዙ አያወራም፤ እኛም አንጠይቀውም።

ሰኔ ገብቶ ቤት ደረሰ። አጎቴ ከደጀን መጣ፤ በዚያው ከዘራ ያንኑ ድንጋይ መታና «ባለፈው የዋሸሁትን ላፈርስ መጣሁ» ብሎ ወንድሜን አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም በእግሩ ላይ ወድቄ ያን ሌሊት በልቤ የቀበርሁት መሆኑን ነገርሁት። ሳቀና «ታዲያ ተዝካሬን አብልታችሁኛላ» አለ። ሰኔ 12 ጃንጥላው ገባ። «እግዚአብሔር የጽዮንን ምርኮ በመለሰ ጊዜ ደስተኞች ሆንን» የሚለውን መዝሙር ካህኑ ሲሉት፣ ከአሥር ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜን አልሁ።

ነሐሴ 18 ቀን፣ ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ ጦርነቱ እንደገና ተጀመረ። ፋታው አምስት ወር ከሦስት ቀን ነበር የቆየው። ወንድሜ በጉዳቱ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ቤት ነበረ፤ ሬዲዮኑን ሰምቶ ወጣና ጓሮ ቆመ። እናቴ ማታ እንደ ልማዷ ተነሥታ «ይባእ ቅድሜከ» ስትል ሰማኋት። «እማ፣ የአንቺማ መጥቶልሻል» ብላት፣ «የዚያች የውኃዋ ሴት ልጆች መጥተዋል?» አለችኝ። ተነሥቼ አጠገቧ ቆምሁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በዓለ ሰንበትም ሆነ አዘቦት፣ ቤቴ ባለሁበት ሌሊት ሁሉ ከጎኗ አልቀረሁም።

ወደ ትግራይ ስልክ ሲመለስ ወንድሜ የሚደውልበት ቁጥር አልነበረውም፤ የመንደሯንም ስም አያውቅም። ጣሳው ግን በእጃችን ነው፤ አፉ የተጣመመ፣ ለመያዣ ሽቦ የታሰረበት፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በወንዝ ዳር ለወደቀ ወታደር ውኃ ሰጥታ ጣሳዋን ትታ የሄደች ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ልጁ በሕይወት እንዳለ፣ እናቱም ስሟን ስለማታውቅ ለቅዳሴ ስሟን «ያቺ ሴት» እያለች እንደምታስጠራት ንገሩልን።