250 ብሎ የተቀበለ ሰርቨር

ገላን ውስጥ ባለ የቡና ላኪ ድርጅት፣ ከመጋዘኑ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የኢሜይል ሰርቨር እጠብቃለሁ። ባለፈው ክረምት መብራት ድንገት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪ አርጅቶ ስለነበር ሰርቨሩም አብሮ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ተነሳ፣ ሁሉም ደህና መሰለኝ። በማግስቱ የሽያጭ ኃላፊያችን መጡና «ልጄ፣ ገዢዎቹ የውሉን ማስተካከያ ልከናል፣ ደርሷል ይላሉ። የት ገባ?» አሉኝ።

ብፈልግ ብፈልግ የለም። ከላኪዎቹ ያስላክሁት ሎግ (የሰርቨራቸው የሥራ መዝገብ) ግን የእኛ ሰርቨር «250» ብሎ እንደመለሰ ያሳያል። 250 ማለት «እሺ፣ ተቀብያለሁ» ነው። ላኪው ይህን ከሰማ ደብዳቤውን ከወረፋው ያወጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ አደራው የተቀባዩ ነው። ማድረስ ካልቻለ እንኳ አለመድረሱን ለላኪው መንገር አለበት።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሥራው እንዲፈጥን ብዬ፣ ደብዳቤው ገና ዲስክ ላይ ሳይጻፍ፣ መብራት ሲጠፋ ባዶ በሚሆነው ሜሞሪ ላይ እያለ 250 እንዲመልስ አድርጌው ነበር። አደራ በላሁ። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ያን ሰሞን ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበትን ደረጃ፣ ኤስኤምቲፒን (SMTP)፣ ራሱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መጀመሪያ ጆን ፖስቴል በ1982 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 821 ብሎ ያወጣው ነው (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚወጡባቸው ሰነዶች መጠሪያ ነው)፤ በ2001 ተከለሰ፣ በ2008 ደግሞ በጆን ክሌንሲን አዘጋጅነት 5321 ሆኖ ወጣ። እዚያ ውስጥ የተቀበለ ሰርቨር ደብዳቤውን በማይረባ ምክንያት እንዳያጠፋ በጥብቅ ተከልክሏል። ማሽኑ ኋላ ቢወድቅም፣ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል የአቅም እጥረት ቢገጥመውም ምክንያት አይሆነውም። አስቀድሞ ሊገመት የሚችል! ገላን ላይ በክረምት ከመብራት መጥፋት የበለጠ የሚገመት ምን አለ?

በሌላ በኩል ይኸው ደረጃ አድኖናል። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሦስት ቀን በጨለማ ስንከርም፣ የላኪዎቹ ሰርቨሮች ደብዳቤዎቻችንን በወረፋ ይዘው ደጋግመው ሞከሩ። ደረጃው በሁለት ሙከራ መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ፣ ተስፋ ለመቁረጥም በጥቅሉ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን ያስፈልጋል ይላል። በአራተኛው ቀን መብራት ሲመጣ ደብዳቤው ጎረፈ። አንድ ላኪ ግን በአንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ መልሶታል።

የኢንተርኔት ደረጃዎችን በሚያወጣው አይኢቲኤፍ (IETF) ውስጥ ኢሜይልኮር የሚባለው የሥራ ቡድን ይህን ደረጃ ለመከለስ እንደተቋቋመ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለዚያች የቀን ቁጥር ነው። የተጻፈችው እንደ 250ው ክልከላ «ግዴታ» በሚል ቃል አይደለም፤ ቸል ለማለት ትመቻለች። መብራት ለማይጠፋበት ሰው 4 ቀን ይበዛበት ይሆናል። ለእኛ ግን የውል ደብዳቤ የሚደርስበትና የማይደርስበት ልዩነት ነው። እንድትጠብቅ እንጂ እንድትላላ አልፈልግም።

የእኔን ድርሻ አስተካክያለሁ። አሁን ደብዳቤ ዲስክ ላይ ሳይሰፍር 250 አይባልም፤ ባትሪውም ተቀይሯል። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ ዩፒኤሱን ወደ ጎን አድርጌ ሰርቨሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ እሰካዋለሁ። ለራሴ ደብዳቤ እልክና 250 እንዳየሁ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ከዚያ መልሼ አስነሳውና ደብዳቤውን እፈልጋለሁ።