ሽሽሽ የሚለው ድምፅ

ዝናቡ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። እንዲህ ባለ ማታ ጥርት ያለ ቀረጻ ጆሮዬ አይቀበልም፤ ከካሴት የተገለበጠ፣ ከሥሩ ሽሽሽ የሚል ነገር ነው የሚያሰኘኝ። የሂፕሆፕ ራፐርና ፕሮዲዩሰሩን የላርጅ ፕሮፌሰርን «ዘ ኤልፒ» የተባለ አልበም ከፈትኩ። በ2009 በይፋ የወጣውን ሳይሆን ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲገለባበጥ የኖረውን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የዝናቡ የቱ፣ የካሴቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

አልበሙ በ1996 መውጣት ነበረበት። ነጠላ ዜማዎቹ ቀድመው ወጡ፤ አሳታሚው ጌፈን ሙሉውን አስቀረው። በራፐሩ ናስ የመጀመሪያ አልበም ላይ እጁ ያለበት ሰው የራሱን ሥራ 13 ዓመት ጠበቀ።

እንዴት ይቀራል? አሠራሩ ያው ነው። አሳታሚው ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ የስቱዲዮው ኪራይም በአርቲስቱ ዕዳ ላይ ይደመራል። አንድ ነጠላ ዜማ ለሬዲዮ ይላካል። ሬዲዮ ካላነሳው የአልበሙ ቀን ሦስት ወር ይገፋል፤ ከዚያ ሌላ ሦስት ወር። በዚህ መሀል አርቲስቱን ያስፈረመው ሰው ሥራ ይለቃል፤ በቦታው የተተካው ደግሞ እሱ ላላመጣው ሰው አይሟገትም። ማተሙና ማስተዋወቁ ሌላ ወጪ ስለሆነ እስካሁን የወጣውን ኪሳራ ብሎ መዝጋት ይቀልላቸዋል። ዋናው የቀረጻ ቴፕ (ማስተሩ) ግን የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀመጣል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ አያወጡት፣ አይመልሱት።

ለዚህ ነው የራፕ ቡድኑ የኬኤምዲ «ብላክ ባስታርድስ» አልበም ዕጣ ሁልጊዜ የሚገርመኝ። የቡድኑ አባል ሰብሮክ በኤፕሪል 1993 አልበሙ ሊያልቅ ሲል መኪና ገጭቶት ሞተ። ወንድሙ ዜቭ ላቭ ኤክስ የቀረውን ብቻውን ጨረሰው። ሽፋኑን የሣለው እሱ ራሱ ነው፤ ጥቁሮችን ለማዋረድ የተፈለሰፈውን የሳምቦ ምስል ሲሰቀል ያሳያል። የተሰቀለው ስድቡ ነበር፤ ቢልቦርድ መጽሔት ላይ ግን ሽፋኑን የሚያወግዝ ጽሑፍ ወጣ፣ አሳታሚው ኤሌክትራም በ1994 አልበሙን ሰረዘ። ሲለቁት ማስተር ቴፖቹን መለሱለት። ያቺ አንዲት ነገር ናት አልበሙን ያዳነችው። በ1998 ከፊሉ ፎንድል ኤም በተባለ አሳታሚ ወጣ፣ በ2000 ሙሉው። ቴፑ እጁ ላይ ባይኖር ኖሮ ማንንም መለመን ነበረበት። በዚያን ጊዜ ደግሞ ዜቭ ላቭ ኤክስ ጭንብል አጥልቆ፣ ስሙን ቀይሮ ኤምኤፍ ዱም ሆኗል።

ቴፑ ተገኘ ማለት ግን አልበሙ ተገኘ ማለት አይደለም። የስቱዲዮው ባለ ሁለት ኢንች ቴፕ 24 ትራክ (ድምፆች ለየብቻ የሚቀዱበት መስመር) ይይዛል። አንዱ ጥቅል 2,500 ጫማ ነው፤ በሰከንድ 30 ኢንች ሲሽከረከር 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ ያልቃል። ሦስት አራት ዘፈን ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ አልበም ጥቅሎች አራት አምስት ይሆናሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ሌላ ሣጥን ውስጥ ከገባች አልበሙ መሀሉ ጎደለ።

በዚያ ዘመን በብዛት የተሠራበት አምፔክስ 456 የተባለው ቴፕ ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። ብናኙን ከፕላስቲኩ ጋር ያያያዘው ማጣበቂያ ባለፉት ዓመታት የአየሩን እርጥበት ይጠጣል፤ ይሟሟና ይጣበቃል። እንዲሁ ቢያጫውቱት ይጮኻል፣ ቡናማው ብናኝ የማጫወቻው ራስ ላይ ይላጣል፣ የተላጠው ሙዚቃው ራሱ ነው። መድኃኒቱ በ54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማሞቅ ነው። ለቀጭኑ ቴፕ ስምንት ሰዓት አካባቢ ይበቃል፤ ባለ ሁለት ኢንቹ ግን አንድ ቀን ሙሉም ሊፈልግ ይችላል፣ መሀል ላይም ይገለበጣል። የወጥ ቤት ምድጃ አይሆንም፤ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቴፑን ያጣምመዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ነው የሚጫወተው። የሚገኘው ፋታ ሳምንታት ብቻ ነው፤ እርጥበቱ ይመለሳል። በዚያች ፋታ ውስጥ ወደ ዲጂታል ካልተገለበጠ ድካሙ ሁሉ እንደገና ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ወረቀት ከጠፋች የትኛው ትራክ ላይ ምን እንዳለ በጆሮ መልቀም ነው። የሚክሱ (ትራኮቹን አመጣጥኖ ማዋሃዱ) ትእዛዞች በዲስኬት ተቀምጠው ከነበረና ዲስኬቱ ከሌለ ደግሞ ያ ሚክስ ዳግም አይመጣም። ያኔ የሚቀረው ያለቀለት ባለ ሁለት ትራክ ቅጂ ነው፤ በብዛት ዳት በሚባለው ትንሽ ዲጂታል ካሴት ላይ። ዳት ክፉ ነው። አናሎግ ቴፕ ሲያረጅ ይደክማል፣ ዳት ሲያረጅ ድምፁ ባንድ ጊዜ ይቆረጣል። የቀዳው ማሽን ትንሽ ከመስመር ወጥቶ ከነበረ ደግሞ ከዚያ ማሽን በቀር ሌላው ላያነበው ይችላል።

ሌላው ሁሉ ከጠፋ ካሴት ይቀራል። በካሴት ያደገ ሰው ይሄን ለማስረዳት ብዙ አያለፋም፤ ቴፑን በቢክ እስክሪብቶ ያጠነጠነ፣ ድምፁ ሲታፈን የማጫወቻውን ራስ ብሎን በትንሽ መፍቻ ያዞረ ያውቀዋል። ሥራው ያው ነው። ግራና ቀኙን ወደ አንድ አዋህዶ እየሰሙ፣ ሲምባሉ ጥርት እስኪል ብሎኗን ማዞር፤ ለእያንዳንዱ ካሴት፣ አንዳንዴም ለእያንዳንዱ ገጽ አዲስ። ዶልቢ (ሽሽታ መቀነሻው) ተደርጎበት ከሆነ ዶልቢውን መክፈት፣ ካልተደረገበት አለመንካት። ከዚያ ፍጥነቱ፤ ሦስተኛ ቅጂ ላይ ሲደርስ ራፐሩ ድምፁ ቀጥኖ ልጅ ሊመስል ይችላል።

ሽሽታውን በኮምፒውተር የሚያጠፉት ሰዎች አይገቡኝም። ሽሽታው ብቻውን አይሄድም፤ የሃይሃቱን (የድራሙን ጥንድ ሲምባል) ጭራ፣ ከስንኙ በፊት የሚሳበውን ትንፋሽ ይዞ ይሄዳል። የሚቀረው ውኃ ውስጥ የሚዘፍን ሰው ነው። ቢቱ (ራፐሩ የሚራፕበት ሙዚቃ) መጀመሪያም ንጹሕ አልነበረም። ቢት የሚሠራበት ኤስፒ 1200 የተባለው ማሽን ጠቅላላ የሚይዘው 10 ሰከንድ ድምፅ ነው፣ በ12 ቢት ዲጂታል ጥራት። ቦታ ለመቆጠብ በደቂቃ 33 ዙር የሚሽከረከረውን ሸክላ በ45 አፍጥነው ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ ፍጥነቱን መልሰው ያወርዱት ነበር። ያ ሻካራ ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው፤ ማጽዳት ማለት የሠሪውን እጅ መደምሰስ ነው።

ፈቃዱም አለ። ራፐሩ ቢዝ ማርኪ ያለ ፈቃድ ከሰው ዘፈን ቆርጦ በመውሰዱ ከተፈረደበት ከ1991 ወዲህ (ዳኛው ውሳኔውን «አትስረቅ» ብሎ ነው የጀመረው) ለአንዲት ሳምፕል (ከሌላ ቀረጻ ለተቆረጠች ድምፅ) ሁለት በር ይንኳኳል፤ አንዱ የቀረጻው ባለቤት፣ ሁለተኛው የድርሰቱ። ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2010 የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ሲወስዱ ዘፈኑ ያለ ባለቤት የተጣለ ዕቃ አልነበረም። ሳይወጣ ለቀረ አልበም ግን ብዙ ጊዜ ያንን ወረቀት ያስጨረሰ የለም፤ መውጣቱ ሲቆም ድርድሩም ይቆማል። ከዓመታት በኋላ ያኔ ርካሽ የነበረችው ሁለት ሰከንድ ውድ ሆና ትጠብቃለች። ፈቃድ ካልተገኘ ቢቱ ይቀየራል። እኔ ግን ቢቱ ከሚቀየር ዘፈኑ ቢቀር እመርጣለሁ፤ ራፐሩ የተነፈሰው በዚያኛው ምት ላይ ነው።

ቢት ሠሪው ጄ ዲላ ላይ ስደርስ ግን እርግጠኛነቴ ሁሉ ይከዳኛል። «ዘ ዳየሪ» የተባለውን አልበም ለአሳታሚው ኤምሲኤ የሠራው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አብዛኛውን ቢት ለሌሎች ትቶ እሱ ራፕ ማድረግ ፈለገ። ኩባንያው አስቀረው። በፌብሩዋሪ 2006 ሞተ፣ አልበሙ በኤፕሪል 2016 ወጣ። ከሞተ በኋላ ከተገኙት ባለ ሁለት ኢንች ቴፖች ነው ሚክስ የተደረገው፤ መመሪያቸውም እሱ ራሱ ትቷቸው የነበሩት ጊዜያዊ ሚክሶች ናቸው። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ የሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ።

ግን ጊዜያዊ ሚክስ ማለት እኮ ሰው ሌሊት ደክሞት መኪናው ውስጥ ሊሰማው የሚቀዳው ነው። ድራሙ ጎልቶ ድምፁ የተዋጠበት ቦታ ሲመጣ፣ እንዲህ ይሁን ብሎ ነው የተወው ወይስ ነገ እመለስበታለሁ ብሎ? ቴፑ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚሰማው። ፌደሩ (የድምፅ ማስተካከያው ተንሸራታች) ላይ ጣቱን የጫነው ሰው በምን ይለየዋል?