ከደብረ ብርሃን እስከ ቱሉ ጉዶ

ትናንት ከሰበካችን ምእመናን ጋር በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ዋልን። ዛሬ ደብረ ብርሃን ስመለስ ጎረቤታችን እማማ፣ «ልጄ፣ ደሴት ካማራችሁ ጣና አይሻልም ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ ዝዋይን በዓሣው እንጂ በገዳማቱ የሚያውቀው ሰው በእኛ ዘንድ ጥቂት ነውና።

ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት። ከሁሉም ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም የሚገኘው በዚሁ ነው። የገዳሙ ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ተሰደዱ። ታሪኩን በሰነድ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ በደሴቱ ለዘመናት ተጠብቀው የኖሩት የግእዝ ብራናዎች ግን ቦታው የሊቃውንት መሸሸጊያ እንደነበር በቂ ምስክር ይመስሉኛል።

የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች ዛዮች ናቸው፤ ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ከዓሣ ማስገር ሌላ፣ በድንጋይ እርከን የተያዘውን ቁልቁለት ያርሳሉ። ገደል ማረስ ብርቄ ያልሆነ የሸዋ ሰው ብሆንም፣ የእርከኑ አሠራር አስደነቀኝ።

በዳርቻው ይብራዎችን፣ አባ ኮዳዎችንና ዓሣ የሚያጠምዱ ንስሮችን አይተናል። ሐይቁን የሚመግቡት የመቂና የከታር ወንዞች ናቸው፤ የእሱ ውኃ ደግሞ በቡልቡላ በኩል ወደ አቢጃታ ይወርዳል። በመስኖ ብዙ ሲቀዳ ታችኛው ሐይቅ አብሮ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

መሄድ ለምታስቡ፦ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሳ በማለዳ ተሳፈሩ።