የወረዳችንን የኮንግረስ ተወካይ አቋም ከመዝገብ እንዴት እንደተከታተልኩ

እ.ኤ.አ. በ2017 በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ መነጋገሪያችን «ኤች አር 128» ነበር። በአሜሪካ ኮንግረስ የኒው ጀርሲው ተወካይ ክሪስ ስሚዝ በየካቲት ወር ያቀረቡት ይህ ሰነድ በኢትዮጵያ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ የተፈጸመውን ግድያ የሚያወግዝ፣ የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ እንዲነሣ የሚጠይቅ ነበር። የእኛው የስድስተኛው የምርጫ ክልል ተወካይ ማይክ ኮፍማን ሰነዱን እንደሚደግፉ ይነገር ነበር። እኔ ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሰማሁትን ከመድገሜ በፊት አቋማቸውን በጽሑፍ ማየት ፈለግሁ።

ፍለጋዬ በስሕተት ተጀመረ። በኮንግረሱ ድረ ገጽ «ኤች አር 128» ብዬ ስፈልግ ከኢትዮጵያ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ረቂቅ ሕግ ተከፈተልኝ። ለካስ ሁላችንም የምንጠራበት ስም ትክክል አልነበረም። «ኤች አር» በሁለቱም ምክር ቤቶች ጸድቆ በፕሬዚዳንቱ ሲፈረም ሕግ ለሚሆን ረቂቅ የሚሰጥ መለያ ሲሆን፣ የእኛው ግን «ኤች ሬዝ» ማለትም የተወካዮች ምክር ቤት ብቻውን አቋሙን የሚገልጽበት፣ የማስገደድ ኃይል የሌለው የውሳኔ ሐሳብ ነበር። ልዩነቱ ለእኛ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ ምክንያቱም በተወካይ ዶናልድ ፔይን የቀረበው ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ረቂቅ ሕግ፣ ኤች አር 2003፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱን የሚያስታውሱ ብዙዎች «ይህም እንደዚያው ይሆናል» እያሉ ተስፋ ቆርጠው ነበር፤ ይህኛው ግን የሴኔትን ድምፅ የማይጠብቅ ነበር። እኔም ቀደም ሲል «ከጸደቀ ሕግ ይሆናል» ብዬ ለጉባኤው ተናግሬ ስለነበር በሚቀጥለው እሑድ ቆሜ አረምኩ። ከባድ ነበር፤ ሆኖም ሰው በተሳሳተ ተስፋ ፊርማውን እንዲሰጥ ማድረግ አልወደድኩም።

ከዚያ በኋላ የተባባሪ አቅራቢዎችን፣ ማለትም ሰነዱን ለመደገፍ ስማቸውን ያስመዘገቡ ተወካዮችን፣ ዝርዝር ከፈትኩ። በዝርዝሩ እያንዳንዱ ተወካይ ስሙን ያስገባበት ቀን አብሮ ስለሚገኝ፣ ማን ከመጀመሪያው እንደቆመና ማን ዘግይቶ እንደተጨመረ በግልጽ ይታያል። የኮፍማን ስም እዚያው ነበር። ስሙንና ቀኑን በደብተሬ ገልብጬ፣ ከጥቂት ወገኖች ጋር ወደ ቢሮአቸው ሄድኩ። ያነጋገረን ወጣት ሠራተኛ አስቀድሞ የየአንዳንዳችንን ዚፕ ኮድ (የመኖሪያ አካባቢያችንን የፖስታ ቁጥር) መዘገበና በትሕትና «ተወካዩ ደግፈዋል፤ ታዲያ አሁን ምን እንዲያደርጉላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ሲል ጠየቀን። እርስ በርስ ተያየን። የያዝነው ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ ስለ አገራችን መከራ በሰፊው የሚተርክ ቢሆንም አንድም የተወሰነ ጥያቄ አልነበረበትም።

የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሰነዱን በሐምሌ ቢያሳልፈውም ለድምፅ የሚቀርብበትን ቀን የሚወስነው የአብላጫው ፓርቲ አመራር ነው። ኮፍማንም የዚያው የሪፐብሊካን ፓርቲ አባል ነበሩ። ስለዚህ አዲሱን ደብዳቤያችንን ወደ አንድ ገጽ አሳጥረን፣ አመራሩ ቀን እንዲቆርጥ ግፊት እንዲያደርጉልን ብቻ ጠየቅን።

የውሳኔ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2018፣ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ በፈጸሙ በስምንተኛው ቀን ጸደቀ። ስልኬ እስከ ሌሊት አላረፈም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ «ስንት ለስንት?» ብሎ ነበር። ድምፁ ስም ሳይጠራ «እሺ» እና «እምቢ» በሚል የቃል ምላሽ ብቻ ስለተሰጠ ቁጥር የለውም። የእያንዳንዱ ተወካይ አቋም በመዝገብ የሚታወቀው ከመቶ በላይ ስሞች ባሉበት በዚያ የተባባሪ አቅራቢዎች ዝርዝር ነው፤ ገልብጬ ማስቀመጤ የጠቀመኝም ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት በኅዳር በተደረገው ምርጫ ኮፍማን በጄሰን ክሮው ተሸነፉ። በጥር 2019 አዲሱ ኮንግረስ ሲጀመር የሰነዶቹ ቁጥር እንደገና ከአንድ ስለሚነሣ፣ በደብተሬ ላይ «ኤች ሬዝ 128» ከሚለው ጎን «115ኛው ኮንግረስ» ብዬ ጨመርኩና በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ የአዲሱን ተወካይ ስም ጻፍኩ።