ከድራማ ላይ ሜም ለምትቆርጡ፦ ድምፃችሁን ያዙ

ይህን የምጽፈው እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ጎንደር ተቀምጦ ከቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሜም፣ ማለትም ሰው ለራሱ ጉዳይ እያዋለ የሚቀባበለውን አጭር የቀልድ ክሊፕ፣ ለሚሠራ ሁሉ ይሁን።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ ስልክ፣ ካፕከት የሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ መተግበሪያና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል። ጭንቅላት የሚጠይቀው መምረጡ ነው። ብዙ ሰው የሚያስቀውን ትዕይንት ይቆርጣል። እሱ ግን ከሰው ሰው አይሄድም። ቀልዱ እዚያው ድራማው ውስጥ አልቋል። የሚሄደው ዝም ያለ ፊት ነው፤ ሁሉም የራሱን ጉዳይ ይጭንበታል። የናይጄሪያዊው ተዋናይ የኦሲታ ኢሄሜ የድሮ ፊልሞች ከብዙ ዓመት በኋላ ትዊተር ላይ ዓለምን የዞሩት በፊቱ ነው። ታሪካቸውን ማን ያስታውሳል?

ድምፅ ላይ ደግሞ አሠልጣኞች «ኦሪጅናሉን አትንኩ» ይላሉ። እኔ ንኩት ባይ ነኝ። በ2022 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ በወጣው «ዌንስደይ» ድራማ ተዋናይቷ ጄና ኦርቴጋ የጨፈረችው በዘ ክራምፕስ ባንድ ዘፈን ነበር። የቲክቶክ ሰው ያንን አውጥቶ የሌዲ ጋጋን የ2011 «ብለዲ ሜሪ» አፍጥኖ ገጠመበት። ዓለም የጨፈረው በሁለተኛው ነው።

የኔም እንዲሁ ነበር። አንድ ድራማ ላይ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ «ልሂድ» ይላል። እናትየው ጀበናውን እንደያዙ ቀና ብለው ያዩታል። ይኸው ነው። በጎንደር አነጋገር የራሴን ድምፅ ከተትኩበት፦ «ምነዋ ልጄ! አቦሉ እንኳ መች ወረደና!» መብራት መጥቶ ወዲያው ሲጠፋ ሰው እሱን ይለጥፋል። አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያ ደሞዙ ሲለቅ እሱን ይለጥፋል። ፒያሳ ባጃጅ ውስጥ ተሳፋሪ ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኮርቻለሁ፤ አልደብቅም።

ከዚያ የድራማው ባለቤቶች በኮፒራይት (በቅጂ መብት) ለቲክቶክ ከሰሱኝና ቲክቶክ ክሊፑን አነሳው። በሳምንቱ የራሳቸው ገጽ ላይ አየሁት። ያው ቆረጣ፣ ያው ድምፅ፣ የኔ ድምፅ! የኔን ስም ከጥግ ቆርጠው አርማቸውን ለጥፈውበታል። ደወልኩ። «ፊልሙ የኛ ነው» አለኝ የስልኩ ሰው። «ፊቱ የናንተ ነው፣ ድምፁ ግን የኔ ነው» አልኩት። ዘጋው።

ይመለከተዋል ወዳሉኝ ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ክሊፑን አይቶ ሳቀና «በቴሌግራም ላክልኝ» አለኝ። ላክሁለት። ከዚያ «ማመልከቻ አምጣ» አለኝ። ማመልከቻ ይዤ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በመጨረሻ «ይሄ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው» ብለው ሸኙኝ። ይህን መጀመሪያ ቀን መናገር ምን ያቅታል? እስካሁን ያንገበግበኛል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ከታተመ ሥራ ላይ ምንጩን ጠቅሶ በአግባቡ መጥቀስ ይፈቀዳል። እኔ የድራማውን ስም ከክሊፑ ሥር ጽፌ ነበር። ቢሮው ውስጥ ግን ስለዚህ አንድ ቃል ያነሳልኝ የለም።

«ፈቃድ ሳትጠይቁ ምንም አትንኩ» የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበልም። መልስ እስኪመጣ ሜሙ ይሞታል። ይልቅ ምንጩን ጻፉ፤ ቁራጩን አሳጥሩ። ስማችሁን ጥግ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ፣ ፊቱን ሳይሸፍን አድርጉ። ድምፁን ለብቻው ቀድታችሁ ከነቀኑ አስቀምጡ፤ ካፕከት ላይ ያለውን ፕሮጀክትም አታጥፉ። እኔ ሁለቱም ስለነበሩኝ ለቲክቶክ ተቃውሞ ማስገባት ችያለሁ። ዝም ካላችሁ ክሊፑ ሲነሳ ቲክቶክ የሚመዘግብባችሁ የኮፒራይት ቅጣት 90 ቀን መዝገባችሁ ላይ ይቆያል። የተቃውሞው ቅጽ ላይ የምትሞሉት ስምና አድራሻ ግን ለከሳሹ ይደርሳል፤ ቤተሰብ ጋር የምትኖሩ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት ንገሯቸው።