ክራፒ ወደ ዳር የሚወጣበት ወር

አሜሪካውያን ፀደይ የሚሉት ወቅት በእኛ አቆጣጠር በልግ ላይ ይውላል። በዳላስ አጠገብ በምትገኘው በጋርላንድ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን የዚህን ወቅት መግባት የማረጋግጠው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሲባጎ አስሬ ወደ ሬይ ሃበርድ ሐይቅ በምጥለው ትንሽ ቴርሞሜትር ነው። ውኃው 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ክራፒ የሚባለው የአሜሪካ ሐይቆች ዓሣ ወደ ዳር መውጣት ይጀምራል።

ሐይቁ የትሪኒቲ ወንዝ ምሥራቃዊ ገባር ተገድቦ የተፈጠረና ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ስለሆነ፣ በአሜሪካ የብርድ ወራት ጥልቁ ውስጥ ተሰብስቦ የሚቆየውን ዓሣ ጀልባ የሌለው ሰው ሊደርስበት አይችልም። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ዓሣው ራሱ ወደ እኛ ይመጣል። ወንዱ ቀድሞ ጥልቀት ወደሌለው ጥግ ይገባና ከወደቀ ግንድ ወይም ከሸምበቆ ሥር ጎጆውን ያሰናዳል፤ በዚህ ጊዜ ቆዳው ይጠቁራል፤ እንስቷ እንቁላሏን ጥላ ስትሄድም ጠባቂው እርሱ ነው። ሐዋሳ ላደገ ሰው ይህ ያስገርማል፤ የእኛ ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ዓሣ ናትና።

የመጀመሪያውን ዓመት ያባከንኩት ሁለት ነገር ባለማወቄ ነው። አንደኛው፣ የክራፒ ዓይን ወደ ላይ የሚያይ በመሆኑ ከበታቹ የወረደውን ማጥመጃ ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም፤ እኔ ደግሞ መንጠቆዬን እስከ ጭቃው ድረስ አወርድ ነበር። አሁን ውኃው ሁለት ሜትር ከሆነ ትንሿን ሕያው ዓሣ አንድ ሜትር ላይ አንጠለጥላታለሁ። ክራፒው ከታች መጥቶ ማጥመጃውን ወደ ላይ ሲያነሣው ክብደቱ ስለሚቀልል፣ በክሩ ላይ የታሰረው ተንሳፋፊ በመስመጥ ፋንታ ጋደም የሚልበት ጊዜ አለ፤ መስመጡን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለተኛው የአፉ ነገር ነው፤ ከንፈሩ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ በኃይል የሳበው ሰው ይቀደድበታል። አጠገቤ ያጠምዱ የነበሩ አንድ አዛውንት የአገሬ ሰው፣ ሦስተኛው ዓሣ ሲያመልጠኝ «ልጄ፣ በሬ እየጎተትክ እኮ አይደለም» አሉኝ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚፈትነኝ ግን የሰሜን ነፋስ ነው። ባለፈው ዓመት ዓርብ ማታ ዳሩ በዓሣ ተሞልቶ አይቼ ቅዳሜ ንጋት ስመለስ፣ ሌሊቱን የገባው ብርድ ውኃውን አቀዝቅዞት አንድም አልነካኝም። ዓሣው ከሐይቁ አይወጣም፤ ወደሚቀጥለው ጥልቅ ጠርዝ ፈቀቅ ይላል፤ እኔም በሁለተኛው ቀን መንጠቆው ጠለቅ እንዲል ተንሳፋፊውን ክሩ ላይ ከፍ አድርጌ አስሬ አገኘሁት።

የቴክሳስ ሕግ ለአንድ ሰው በቀን 25 ክራፒ ይፈቅዳል፤ ከ10 ኢንች ያነሰው ወደ ውኃው መመለስ አለበት። ለእኔ ቁጥሩ አያስቸግረኝም፤ የሚያስቸግረኝ ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር መግጠሙ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በቤታችን ገና ስላልተቋጨ፣ ባለቤቴ የበለትኩትን ነጭ ሥጋ በየከረጢቱ አድርጋ ቀኑን ጽፋበት በረዶ ቤት ትከተዋለች። ዘንድሮ ለፋሲካ አሥራ አንድ ከረጢት ተቆጥሯል፤ ዱለት ይሁን ጥብስ የሚለው ብቻ አልተወሰነም።